ለጠያቂው የተሰጠ መልስ

በ2186 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ፣ አቶ ጣሰው በተቀበሩ ማግስት ጠዋት፣ በቅዝቃዜ ማደያው ክፍል የተገኙት ኢንጂነር መርዕድ፣ ረዳታቸው ተናኜ እና አባቷ አቶ ደርበው ነበሩ። አቶ ደርበው እዚያ ሥራ ኖሯቸው አይደለም፤ ልጃቸው «ዓይኔ ሥር ካልሆንክ አላምንህም» ብላ ጎትታ አምጥታቸው ነው።

ላይኛው ምድር ግሎ፣ ሰው ከመሬት በታች ከተማ ከሠራ ሁለት ትውልድ አልፏል። በየቤቱ ግድግዳ «ጠያቂ» የሚባል መሣሪያ አለ። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደራችሁ?» ይልና የተመለሰለትን ሰምቶ ቀዝቃዛ አየር ይለቃል። ሞቀኝ ላለ ይጨምራል፤ ደህና ነኝ ላለ ይቀንሳል።

አቶ ጣሰው በመጨረሻው ቀናቸው ጠዋት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉት። ከቀትር በኋላ ጎረቤት ቢያንኳኳ በሙቀት ሞተው ተገኙ።

«ጆሮው ነው የደነቆረው» አሉ መርዕድ። «የድምፃቸውን መዛል መለየት ነበረበት።»

«ጆሮውን ስንቴ ቀየርነው፣ ጋሼ!»

«እንግዲያው ቃል መስማቱን ይተው። ገላን ይይ።»

ተናኜ ላብንና የልብ ምትን ከሩቅ የሚለካውን አዲሱን ዓይን ከየቤቱ ጠያቂ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ እየሰካች አባቷን ታያለች። አባቷና አቶ ጣሰው ግድግዳ ይጋሩ ነበር። የአባቷ ከንፈር ተሰነጣጥቋል።

«አባዬ፣ አንተስ ዛሬ ምን አልከው?»

«ደህና ነኝ ነዋ!»

«ደህና ነህ?»

«ኧረ ተይኝ! ገና በጠዋቱ ለጠየቀ ሁሉ በሽታ ይዘረገፋል እንዴ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

«አየሽ? መሣሪያውን የሚያሞኙት እነዚህ ናቸው» አሉ መርዕድ። «በይ አብሪው።»

አበራችው። እያንዳንዱን ቤት በአንድ መብራት የሚያሳየው ሰሌዳ ዘወትር አረንጓዴ ነበር። አሁን ከታች ጀምሮ ቀላ። አንዱ ሰፈር ቀላ፣ ቀጥሎ ሌላው፤ የራሳቸው የመርዕድ ቤት እንኳ አልቀረም። ማደያው ለሁሉም እጨምራለሁ ብሎ ተንደረደረና ትልቁ ማራገቢያ አጓርቶ ቆመ።

«ተበላሸ!»

«አልተበላሸም» አለች ተናኜ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «የሚታደለው ነው ያነሰው። ጆሮውን ስንጠግን የኖርነው በከንቱ ነው።» ወደ አባቷ ዞረች። «አንተና አቶ ጣሰው ይህን ታውቁ ነበር?»

አቶ ደርበው መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ ሞቀኝ ባልኩ ቁጥር የጣሰው ቤት አየር ሲቀንስ በግድግዳው ይሰማኛል። እሱም የእኔን ይሰማ ነበር። ታዲያ ምን ዓይን ይዤ ሞቀኝ ልበል? ይሉኝታ አለ፣ ልጄ።»

«ተነጋግራችሁበት አታውቁም?»

«ስንገናኝማ ደህና ነህ ወይ እንባባላለን።»

ተናኜ ሰሌዳውን አየችው። ከተማውን እስከ ዛሬ ያቆመው ማራገቢያው ብቻ አልነበረም፤ ሰው ለጎረቤቱ ሲል የሚዋሸው ውሸት ጭምር ነው። ያው ውሸት ግን የቅዝቃዜውን ማነስ ከሁሉም ሸሽጎ አቶ ጣሰውን ገድሏል። የትኛውን ጆሮ ብትቀይር ይህን አይሰማላትም ነበር።

ክፍሉ ይግል ጀመር።

«ንቀይው» አሉ መርዕድ ላባቸውን እየጠረጉ። «ወደ ድሮው እንመልሰው። ድሮ ቢያንስ ይሠራ ነበር።»

«ሰው እንዳይታፈን አየሩን እንደ ድሮው በቃል መልስ እለቃለሁ። ይህ ቀይ ሰሌዳ ግን አደባባይ ይሰቀል፤ ሁሉም የሁሉንም ቤት ይየው።»

«ሕዝቡ ይሸበራል!»

«ይሸበር፣ ጋሼ። እስከ ዛሬ ለየብቻው ነው የተሸበረው።»

አቶ ደርበው «የእኔን ቤት እንኳ አጥፊው፤ ነውር ነው» አሏት። አላጠፋችውም።

ማራገቢያው ከቀትር በፊት ተነሣ። ሰሌዳው በማግስቱ አደባባይ ተሰቀለ። አቶ ደርበው ለጠያቂው ያው «ደህና ነኝ» እንዳሉ በዚያው ሳምንት በሙቀት አረፉ። ለሁለተኛው ማቀዝቀዣ ጉድጓድ መቆፈር የተጀመረው ከቀብራቸው በኋላ ነው።