ያልተማለበት ቃል

«እጅሽን አስቀምጪ» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቅዱሳት መጻሕፍት ነበሩ፤ አንዱ በነጭ፣ ሌላው በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለሉ። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ፊት የሚቀርብ ምስክር ሁሉ በየእምነቱ ይምላል። ምክትሉ የሚኮሩበት ደንብ ነው። ልጅቷ ግን እጆቿን ወደ ኋላ እንዳጣመረች ቀረች።

«የትኛው ነው ያንቺ?»

«ነጩ ነው ቲቸር። ግን እኛ ቤት አይማልም። በምንም አይማልም።»

«እዚህ የማንም እምነት አይነካም። ሁለቱንም ያስቀመጥነው ለዚህ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ምክትሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ክፉ ሰው አይደሉም። «አራት ልጆች ምለው ተናግረዋል። አንቺ ሳትምዪ ብትናገሪ ቃልሽን ከእነሱ ቃል ጋር እንዴት አድርጌ ልመዝነው? እስከ ዕረፍቱ ማብቂያ አስቢበት።»

ነገሩ የማይክሮስኮፕ ነው። ትናንት ጠዋት የልጅቷ ክፍል ሲሠራበት ቆይቶ ከሰዓት ሌላ ክፍል ሲያወጣው ሌንሱ ተሰንጥቆ ተገኘ። አራቱ ልጆች «ስናወጣው ተሰንጥቆ ነበር» ብለው ማሉ። ጠዋት ወደ ቁም ሳጥኑ የመለሰችው ደግሞ ሽቦ ናት። ሽቦ የቤት ስሟ አይደለም፤ ቅጥነቷ ያወጣላት ነው። ጥፋተኛ ከተባለች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቤተ ሙከራ አትገባም፤ ካልገባች ደግሞ ባዮሎጂ ትወድቃለች። ስትመልሰው አብራት የነበረችው ይህች አልምልም ያለችው ልጅ ብቻ ናት።

ልጅቷ ስትወጣ ሽቦ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ብድግ አለች። «እሺ አዎበቃ፣ ጨረስሽ?»

«አዎበቃ» የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ስም ነው። «ማይ» ባሏት ቁጥር «አዎ አልኩ፣ በቃ» ስለምትል። ሽቦ በተቃራኒው ሳትምል እስክሪብቶ እንኳ አትዋስም፤ እናቷ በቀን ዐሥር ጊዜ ይሞቱና ማታ እራት አቅርበው ይጠብቋታል።

«አልማልኩም።»

«እየቀለድሽ ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«ስሚ፣ በውሸት ማይ አላልኩሽም። እውነት ነው የምትምዪው። ምኑ ነው ኃጢአቱ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ቅዳሜ ጸሎት አለብኝ ስትዪ የቡድን ሥራውን ያስዛወርኩልሽ እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ልጅ ለምኜ።»

«አልረሳሁትም።»

«ታዲያ?»

«ለመታመን ብዬ ዛሬ ከማልኩ፣ እስከ ዛሬ አዎ ያልኩሽ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?»

ሽቦ ትንሽ አሰበች። አልተዋጠላትም፤ ግን ክርክሩን ተወችው። «እንደፈለግሽ። አንድ ነገር ብቻ፣ በአንድ እጅ መያዜን እንዳታነሺ። አለቀልኝ ማለት ነው።»

ማይክሮስኮፕ የሚያዘው በሁለት እጅ ነው፤ አንዱ እጅ ክንዱን ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ይደግፋል። የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሽቦ ትናንት በአንድ እጇ አንጠልጥላው ነበር።

ሽቦ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ዛሬ ጠዋት አባቷ ጫማውን ሲያስር «አባዬ፣ ቢያስምሉኝስ?» ብላው ነበር። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ አንድ ጊዜ ለመኪና አደጋ ምስክርነት ፍርድ ቤት ተጠርቶ አልምልም በማለቱ ግማሽ ቀን አቁመውታል። «የኔን ታውቂያለሽ» አላት። «አፉ ግን ያንቺ ነው። እኔ ልናገርልሽ አልችልም።» እንደ መልስ አልቆጠረችውም፤ ተናድዳ ነበር የወጣችው።

አሁን ያየችውን ከመጀመሪያው ጀምራ በልቧ ደረደረችው። አንድ እጅ የምትለው ላይ ስትደርስ ዘልላው ለማለፍ ሞከረች። ታሪኩ እዚያ ጋ ይበጠሳል። «እስክታስቀምጠው ለምን ትክ ብለሽ ታዪያት ነበር?» ብለው ቢጠይቋት ሌላ መልስ የላትም። ደግማ ሞከረች። አሁንም ተበጠሰ።

ደወሉ ሲደወል ሁለቱም ገቡ።

«ወሰንሽ?» አሉ ምክትሉ።

«አልምልም ቲቸር። ያየሁትን ግን በሙሉ እናገራለሁ። ከፈለጋችሁ አልማለችም ተብሎ ይጻፍ።»

«መማል ከሌለማ ሁላችንም ጻድቅ ነን» አለ ከምክትሉ ጎን የተቀመጠው የተማሪዎች ተወካይ።

ምክትሉ በዓይናቸው ገሠጹትና «ቀጥዪ» አሏት።

«ከመመለሱ በፊት እኔም አይቼበታለሁ። የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ሴሎቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ጥግ ላይ አንድ የአየር አረፋ ነበረች። ስንጥቅ የሚባል የለም።» ሽቦ በሩ አጠገብ ቆማ እያየቻት ነው። «ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ የወሰደችው በአንድ እጇ ነው።»

ሽቦ ዓይኗን ጨፈነች።

«በአንድ እጅ?»

«አዎ፣ በሌላው ደብተሮቿን ይዛ ነበር። ትጥለዋለች ብዬ ስለፈራሁ እስክታስቀምጠው ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። በሩን አልነካም፤ መደርደሪያውንም አልመታም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።»

«ይኼ ያልሽው ጓደኛሽን ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል?»

«እሱንም አላውቅም። ያየሁት ይህ ነው።»

ተወካዩ ከእንግዲህ አልቀለደም። ወደ ምክትሉ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከ፤ ምክትሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ለረጅም ጊዜ ጻፉ። «አራቱን እንደገና ጥራቸው» አሉት። ወደ ልጅቷ ዞረው «አንቺ ወደ ክፍልሽ»፣ ሽቦን ደግሞ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» አሉ።

ሽቦ ወጥታ አግዳሚው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፤ ልጅቷም ተከትላት ወጣች።

«አንድ ነገር ነበር የለመንኩሽ።»

«አዎ።»

ከላይኛው ፎቅ የሒሳብ መምህሩ ድምፅ ይሰማል። ያረፈደ አያስገቡም፤ አሁን ብትሮጥ ግን ምናልባት ትደርስ ነበር።

«ሂጂ እንጂ» አለች ሽቦ ሳትዞር። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«እስኪጠሩሽ እጠብቃለሁ» አለችና ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።