የሞንፍሬ ምክር ቤት ሦስተኛ አጀንዳ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሙሽሮቹ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚያጋባቸውን ከንቲባ ሲጠብቁ፣ ከንቲባው ከእግራቸው ሥር፣ በምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ውስጥ ሞቶ ነበር። ሬዢስ ሻባኖል በሰዓት የሚቀልድ ሰው አልነበረም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የከንቲባነት ዘመኑ ከስብሰባ ቀርቶ፣ ለሠርግ አርፍዶ አያውቅም። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ሲያልፍ ጸሐፊዋን ሉሴት ባርታስን ፍርሃት ፍርሃት አላት፤ ቁልፏን አውጥታ ገባች። የምድር ቤቱን መብራት አብርታ ቁልቁል ስታይ የጮኸችው ጩኸት አደባባዩን አቋርጦ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰማ።

ሠርገኞቹ አለቀሱ። ከዚያ በጉ ተጠብሶ ስለነበር ሳይጋቡ በሉ። እኛ የሞንፍሬ መንደርተኞች እንዲህ ነን፤ ሐዘን ምሳ አያስቀርብንም።

መርማሪ ኦዲል ማዙዬ ከቀትር በፊት ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጠር ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አንድ አመል አለባት፤ የተለጠፈ ነገር ሳታነብ አታልፍም። አስከሬን እየጠበቃት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ጎን ካለው የመስታወት ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት አሥር ደቂቃ ተገትራ ቆመች። «ይቺ ደግሞ ሥራ ልትቀጠር ነው የመጣችው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሐኪሙ ከንቲባው አርብ ማታ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወደ ኋላው ወድቆ አንገቱ መሰበሩን ነገራት። ማዙዬ ሉሴትን ከደረጃው አናት ላይ አቆመቻት።

«መብራቱን ማን አበራው?»

«እኔ ነኛ! ድቅድቅ ጨለማ ነበር።»

«ማብሪያውስ?»

«ይኸውልዎት፣ እዚህ ላይ፣ በሩ አጠገብ።»

«እንግዲያው ከንቲባው ወድቆ ከሞተ በኋላ ተነሥቶ ወጣ፤ መብራቱን አጥፍቶ ተመልሶ ተኛ ማለት ነው።»

ሉሴት አፏን በመዳፏ ያዘች።

የማዘጋጃ ቤቱ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሟቹ ነው። ሉሴት አርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወጥታ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በጎረቤት መንደር ከመዘምራን ጋር ስትዘምር ሃያ ሰው አይቷታል። የቀሩት ሁለቱ ምክትሎች ነበሩ። ከሁለቱ አንዷ ደግሞ አርብ ማታ አደባባዩ እስኪሰማት ድረስ ከሟቹ ጋር ተጯጩሃለች።

ማዙዬ ሁለተኛዋን ምክትል፣ ፍሎሪን ካይሮልን፣ ላም በረት ውስጥ አገኘቻት። ፍሎሪን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጅና አርባ ላም ብቻዋን ታስተዳድራለች።

«ጮኸሽበታል?»

«ጮኼበታለሁ። እኔ ልክድዎት አልችልም፣ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ሰምቷል።»

«ስለምን?»

«ስለ አበል ነዋ! በወር የሚሰጡኝ አበል እኔ ስብሰባ ስቀመጥ ላሞቼን ለሚያልብልኝ ሰው እንኳ አይበቃም። ይጨመርልኝ አልኩት፤ ‹የሚጨመርልሽ ከእኔ አበል ላይ ተቀንሶ ነው› አለኝ። እንግዲያስ ቀንስ አልኩት። ቆይ ላስብበት አለኝ። እኔ ደግሞ... አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ ወንበሩ ላይ እንደተጣበቅህ ሙት አልኩት። በሩን አላትሜ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ወደ ላሞቼ። ብቻዬን። ላሞች ደግሞ አይመሰክሩልኝም።»

ማዙዬ ከኪሷ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይሄ ደርሶሻል?»

«የማክሰኞው የስብሰባ ጥሪ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ አገኘሁት። ሬዢስ አርብ ማታ ሲያድል ነዋ። ሁሌም እየዞረ በእጁ ነው የሚያድለው።»

«አንብበሽዋል?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ሰዓቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

ከዚያ በኋላ ከዐቃቤ ሕጉ ስልክ መጣ። ሰውየው ቸኩሏል። ጠብ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ «ሙት» የሚል ቃል አለ፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ማዙዬ እስከ ማክሰኞ ማታ ጊዜ ለመነችው። ማክሰኞ ማታ ሌላ ሰው ካልቀረበ ፍሎሪን ትታሰራለች፤ ልጆቿ ለመንግሥት አሳዳጊ ይሰጣሉ። ይህን ማዙዬ ራሷ ለፍሎሪን ነገረቻት፤ መደበቁ ነውር መሰላት። ፍሎሪን የያዘችውን ባልዲ አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

እሑድ ማዙዬ ወደ አንደኛው ምክትል ወደ ጎንትራን ፔይሩስ ቤት ሄደች። ጎንትራን ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ ያውቃል፣ እንዳወቀም አይደብቅም። ከንቲባው ከሞተባት ሰዓት ጀምሮ ሥልጣኑ በሕግ ወደ እሱ ዞሯል። ወይን ቀዳላት፣ አይብ ቆረሰላት።

«ረቡዕ ፍርድ ቤት አለብዎት አሉ፤» አለችው።

«ምቀኛ የከሰሰኝ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ወደ ኪራይ ቤቶቼ የሚወስደውን መንገድ አስፋልት እንዲሆን ሲወስን እኔም ለድጋፍ እጄን አወጣሁ። መውጣት ነበረብኝ፤ ከአዳራሹ ማለቴ ነው። ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ላይ አይቀመጥም። አንዴ ተሳሳትኩ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም።»

«መንደሩ በሕግ እንዲጠብቅዎ፣ ጠበቃም እንዲያቆምልዎ ጠይቀው ነበር።»

«መብቴ ነው! የተመረጠ ሰው በሥራው ሲከሰስ መንደሩ ከጎኑ ይቆማል። ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም፣ ማዳም። ምክር ቤቱ ‹ጥፋቱ የሥራ ነው፣ የግሉ አይደለም› ብሎ ከወሰነልኝ ዳኛው ፊት ቀና ብዬ እቆማለሁ። አለዚያ ተፈርዶብኝ ዳግመኛ አልመረጥም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለፍቼ!»

«ሙሴ ሻባኖል ግን አጀንዳ አላስይዝም ብለው ነበር። አጀንዳ የሚይዘው ደግሞ ከንቲባ ብቻ ነው።»

«ብሎ ነበር። አርብ ቀን ግን ደውሎልኝ ‹እሺ፣ አስይዤልሃለሁ› አለኝ። ነፍሱን ይማረውና ልበ ደግ ነበር።»

ሊሸኛት ተነሣ። መጋረጃው የተጋረደ ስለነበር በቀን መብራት በርቷል፤ ጎንትራን ገና እሷ መተላለፊያው መሃል ሳለች መብራቱን ድርግም አደረገባት።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ! ልማድ ሆኖብኝ ነው። የመንደሩ መብራት ኀላፊ እኔ ነኝ። እኔ ባለሁበት አንድም አምፖል በከንቱ አይበራም።»

«ያስመሰግናል፤» አለች ማዙዬ በጨለማው ውስጥ።

ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ምክር ቤቱ በሙሉ ተሰበሰበ። የቀሩት አሥሩ ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ጎንትራን በሟቹ ወንበር ላይ ነው። ፍሎሪን ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከኋላዋ ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘው መቆማቸውን አይታለች። ሉሴት ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ደብተሯን ከፍታለች። ማዙዬ ከመስኮቱ ሥር አንዲት የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ጉብ ብላ «እኔ የለሁም በሉ፣ ስብሰባችሁን ቀጥሉ» አለች። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያያል።

ለሟቹ አንድ ደቂቃ ቆሙ። የመጀመሪያው አጀንዳ የከንቲባው ሪፖርት ስለነበር ታለፈ። ሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ነበር፤ ጸደቀ። ከዚያ ጎንትራን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሦስተኛው አጀንዳ እኔን የሚመለከት ነው። ስለዚህ በሕጉ መሠረት ወንበሩን ለሁለተኛዋ ምክትል ለማዳም ካይሮል አስረክቤ እወጣለሁ።» ተነሣ።

«አንድ ጊዜ፣ ሙሴ ፔይሩስ፤» አለች ማዙዬ። «ለምን ተነሡ?»

«ነገርኩዎት እኮ። ባለጉዳይ አይቀመጥም።»

«ወንበሩንስ ለማዳም ካይሮል የሚሰጡት ለምንድን ነው?»

«እኔ ሰብሳቢው ስወጣ ተከታዩ ይሰበስባላ! በማዕረግ ተራ።»

«ልክ ነዎት። ሬዢስ ሻባኖል ዛሬ በሕይወት ቢኖሩስ ኖሮ፣ እርስዎ ሲወጡ ማን ይሰበስብ ነበር?»

«እሱ ራሱ ነዋ...» ጎንትራን ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

ማዙዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከፍ አደረገች። «ይህ ጥሪ አርብ ማታ ታድሎ፣ እዚህ ሰሌዳ ላይም ተለጥፏል። የሙሴ ሻባኖል ፊርማ የለበትም፤ ቢሮው ውስጥ ባለው የስም ማኅተማቸው ብቻ ነው የተመታው። ሁላችሁም እጃችሁ ላይ አለ፤ እባካችሁ አንብቡት። አንደኛ፣ ‹ከንቲባው ሪፖርት ያቀርባሉ› ይላል። ስለዚህ ከንቲባው ማክሰኞ ይገኛሉ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ‹የሙሴ ፔይሩስ የሕግ ጥበቃ፤ ባለጉዳዩ ስለሚወጡ ስብሰባውን ሁለተኛዋ ምክትል ይመራሉ› ይላል። ከንቲባው ካሉ እኮ የአንደኛ ምክትል መውጣት የሰብሳቢውን ወንበር ባዶ አያደርገውም! ወንበሩ ለማዳም ካይሮል የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከንቲባው ከሌሉና ሙሴ ፔይሩስ ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ። አርብ ማታ ይህን የጻፈ ሰው ከንቲባው ማክሰኞ በሕይወት እንደማይኖሩ ያውቅ ነበር።»

«ፍሎሪን ልትሆን ትችላለች!» አለ ጎንትራን። ድምፁ ቀጥኗል። «ወንበሩ ለሷ ነው የተሰጠው!»

«ለአንድ አጀንዳ ያህል፣ ለዚያውም ለእርስዎ ለሚጠቅም አጀንዳ? ማዳም ካይሮል ወረቀቱ ላይ ያነበበችው ሰዓቱን ብቻ ነው። ይህን አጀንዳ የሚፈልግ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ደግሞም ቸኩሏል። ፍርድ ቤቱ ረቡዕ ነው፤ ስብሰባው ከማክሰኞ ማለፍ አይችልም። ጥሪ ደግሞ ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ መድረስ አለበት። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ስለዚህ አርብ የግድ መታደል ነበረበት። ሌላ ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ሮጦ ቤቱ ይገባ ነበር። እርስዎ ግን ውሳኔው በኋላ በሕግ እንዳይፈርስብዎ ቀኖቹን ቆጠሩ፤ እንደገና በራስዎ ጉዳይ ተቀመጡ እንዳይባሉ ደግሞ ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨመሩ።»

«ይሄ... ይሄ ግምት ነው።»

«መብራቱስ? ሰውየው ወድቆ እየሞተ፣ ከላይ ቆሞ መብራት የሚያጠፋ ሰው ስንት ታውቃላችሁ?»

አንሰልም የተባለው የምክር ቤቱ አንጋፋ፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ጎንትራን፣ ጎንትራን...» አለ።

ጎንትራን የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ሁሉም ይክዳል ብሎ ነበር። አልካደም።

«ፍሎሪን ስትወጣ ገባሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኩት። የድሮ መዝገብ ሊያወጣ መብራቱን አብርቶ ከደረጃው አናት ላይ ቆሞ ነበር። ዞሮ ‹እጅህን ያወጣኸው እንደ ምክትል አይደለም፣ እንደ ቤቶችህ ባለቤት ነው› አለኝ። እኔን! የዚህን መንደር አምፖል አንድ በአንድ የቆጠርኩትን! ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ከዚያ... ማክሰኞ ታየኝ።»

«ማክሰኞ ታየህ?» አለች ፍሎሪን ብድግ ብላ። «ሬዢስ እታች ወድቆ፣ አንተ ማክሰኞ ታየህ? እኔስ? ልጆቼስ አልታዩህም?»

ጎንትራን ዓይኗን ማየት አቃተው። ፖሊሶቹ ፍሎሪንን አልፈው ሄደው በክንዱ ያዙት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ሉሴት፣ እባክሽን ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ» አለ።

በሩ ተዘጋ። ከዚያ አንሰልም ቀስ ብሎ «ማዳም ሰብሳቢ፣ ስብሰባው አልተዘጋም እኮ» አላት።

ፍሎሪን ሄዳ ከትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አይታው የማታውቅ ይመስል ወረቀቱን ብዙ አየችው።

«ሉሴት፣ ጻፊ፤» አለች። «ሙሴ ፔይሩስ ከአዳራሹ ወጥተዋል። በድምፅ አሰጣጡ አልተካፈሉም። ሦስተኛውን አጀንዳ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም።

«ልጄ፣ ጥሪው የሐሰት ነው፤» አለ አንሰልም በለሆሳስ። «ይሄ ድምፅ በሕግ ዋጋ የለውም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልጠረገችውም። «ቢሆንም ይጻፍ።»