ሠላሳ አራት ቁጥር ሻርፕ

«ስማቸውን ድገሚልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ» አሉ የገዳሙን መዝገብ የሚጠብቁት እማሆይ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

ልጅቷ የቅድመ አያቷን ስም ደገመችላቸው። አስተማሪዋ የዘር ሐረጋችሁን ሥሩ ስላለ ነው ፍለጋ የጀመረችው። ቅድመ አያቷ በወሊድ ሞተች ይባላል፤ መቃብሯን ግን ያየ የለም። አንዳንድ ዘመድ ደግሞ «ኧረ መንናለች» እያለ ያንሾካሹካል።

ሹክሹክታው አያቷ ጆሮ ደርሶ አያውቅም። እሷ የምታውቀው ያሳደገቻት አክስቷ የነገረቻትን ነው፦ «አንቺ እናትሽን በልተሽ ነው የተወለድሽው።» ይኸው ሰባ ዓመቷ፣ ልደት ማክበር እርሟ ነው። ዛሬ ጠዋትም «መቃብሯን ካገኘሽ ይቅር በይኝ ብላለች በይልኝ» ብላ ነው የሸኘቻት።

የእማሆይ ጣት አንድ መስመር ላይ ቆመ። «ይኸውልሽ። ሲገቡ የአሥራ አንድ ወር ሴት ልጃቸውን ለእህታቸው ሰጥተው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሠርተው እዚሁ አረፉ።»

«ለምን ገቡ?»

«እሱን መዝገብ አይጽፍም፣ ልጄ። ቁጥራቸው ግን ሠላሳ አራት ነው። ልብስ እንዳይቀያየርብን ሁላችንም ቁጥራችንን በቀይ ክር ጥጉ ላይ እንሰፋለን።»

ልጅቷ ያንን ቀይ ቁጥር ታውቀዋለች።

አያቷ ልጅ ሳለች አክስቷ በየሳምንቱ የሚታጠብ አንሶላ አስይዛ ወደ ገዳሙ ትልካት ነበር። የሚቀበሉት በትንሽ መስኮት ነው፤ ፊት አይታይም፣ እጅ ብቻ። «አንዷ እጄን ይዛ አትለቀኝም ነበር፣ ሥራ ፈት መነኩሴ» እያለች ትስቃለች አያቷ። «አንድ ቀን ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ የራሷን ሻርፕ ሰጠችኝ።» ሻርፑ ዛሬም ትራሷ ሥር ነው።

መንገድ ላይ ለጓደኛዋ ደወለች።

«አቦ አታካብጂ» አለቻት ጓደኛዋ። «በወሊድ ሞተች ብለሽ ጻፊና ተገላገይ። አሮጊቷን ለምን ታስለቅሻታለሽ?»

እውነቷን ነው፣ ያስለቅሳል። ብትነግራት፣ እናትሽ በሕይወት እያለች ሰጥታሽ ሄደች ማለት ነው። ባትነግራት ደግሞ አያቷ እናቴን ገደልኩ እንዳለች ትሞታለች። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሁለት ታክሲ አለፋት።

ቤት ስትደርስ አያቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲ ትጠቅማለች። ቀና ሳትል «እህስ፣ አገኘሻት?» አለች። መርፌዋ ግን ቆሟል።

ልጅቷ ደብተሯን አላወጣችም። ከትራሱ ሥር ሻርፑን ስባ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ አድርጋ አያቷ ጭን ላይ ዘረጋችው። ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች።

«እማማ» አለቻት፣ «እናትሽን አልበላሻትም።»