የተረጎምኩት መንደር

ይህን የምጽፈው ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን አምላኬ ያውቃል፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች።

እኔ የአሮጌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። የፊቱ ክፍል ሱቄ ነው፤ የኋላው የታናሽ እህቴ። ከደረጃ ወድቃ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ጠዋትና ማታ አምላኬን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው... እግሯን።

ጊዜ እንድታሳልፍበት ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩላት። ነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽንም አይንቅም።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄም እንደ እኔ ተቀምጦ መዋል ብቻ ነው የሚያውቀው? ጌም የለውም?" አለችኝ።

ፈለግኩላት። ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን ዓይነት ነው የፈለገችው፤ ቢያንስ እዚያ ውስጥ በእግሯ እንድትዞር። ነፃዎቹ ብዙ ናቸው። ግማሹ ማሽኑን ከበደው፤ ግማሹ ተጀምሮ የተተወ ነው። በመጨረሻ አንድ አገኘሁ። ማን እንደሠራው አልተጻፈበትም። ጭጋግ የዋጠው መንደር ነው። አንዲት ሴት ከቤት ቤት እየሄደች ሰው ታናግራለች። በቃ።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ እህቴ ደግሞ አትችልም። ግን ማንም ከፍቶ እንዲቀይረው የተተወ፣ ክፍት ምንጭ የሚሉት ጨዋታ ጥቅሙ ይሄ አይደል? ውስጡን ከፍቼ የሰዎቹን ንግግር አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኩት። እንድትስቅልኝ ብዬ በቤታችን አነጋገር አደረግኩት። አንጥረኛው እንደ አባታችን ይቆጣል። ልብስ አጣቢዋ እንደ አክስታችን ታሽሟጥጣለች።

ያን ቀን ሱቄ ውስጥ ሆኜ ሳቋን እሰማ ነበር።

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

ቀጥሎ... ኮቴ ሰማሁ።

ከእሷ ክፍል። የእንጨቱ ወለል ላይ። ቀስ ያለ፣ የሁለት እግር ኮቴ።

የያዝኩትን መፍቻ ጥዬ ሮጥኩ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ነበር።

እህቴ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

"ማነው የተራመደው?"

ኪቦርዱ ላይ የቀስት ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ አንድ እርምጃ ሄደች...

ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ሲጥ አለ።

የላፕቶፑን ድምፅ ማጉያ ለሌላ ሥራ ነቅዬዋለሁ። ድምፅ የለውም።

"እታለም... አቁሚው።"

"ይሄንን አንተ ነህ የጻፍከው?"

ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። አጣቢዋ ናት የምትናገረው። "መጣችላችሁ ደግሞ፣ የወንድሟ ሸክም።"

"እኔ አልጻፍኩም።"

"የአክስቴ አነጋገር እኮ ነው! ካንተ ሌላ ማን ያውቀዋል?"

የንግግሩን ፋይል ከፍቼ ፈለግኩ። የለም። እያየችኝ ደግሜ ፈለግኩ። የለም።

"አሁን አጠፋኸው" አለች። እንባዋ ወረደ። "ከመረርኩህ በአፍህ አትነግረኝም? በጨዋታ ትሰድበኛለህ?"

ማንም ቁልፍ ሳይነካ የአንጥረኛው ንግግር በጽሑፍ ወጣ።

"አልቅሺ። ለቅሶሽ ሰልችቶታል።"

ከዚያ ስክሪኑ ላይ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። የመንደሩ ሰዎች ወጥተው ተሰለፉ። ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው፤ ፊት የላቸውም። ግን ወደ እኛ እንደዞሩ ይታወቃል...

ማጥፊያውን ተጫንኩት። አልጠፋም። ገመዱንም ባትሪውንም ነቀልኩ።

አልጠፋም።

አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ለእሷ አልነበረም።

"ስትለምን እኛ ነን የምንሰማህ።"

ጸሎት ልጀምር አልኩና... ፈራሁ። ማን እንደሚሰማኝ ፈራሁ።

እህቴን አዝዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ትደበድበኛለች። "አውርደኝ! ሸክምህን አውርድ!"

ግቢው መሀል ደርሼ ዞር አልኩ። ላፕቶፑ በመስኮቱ ይታየኛል፤ ፀሐይ አርፋበታለች። ክፍሉ ባዶ ነው።

የቀስት ቁልፉ ብቻውን ወረደ። ተነሳ።

ጀርባዬ ላይ የተንጠለጠለው ቀኝ እግሯ ተንቀሳቀሰ።

ቁልፉ ወረደ።

ግራው።

"እታለም... እግርሽ!"

መደብደቧን ተወች። አንገቴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ጆሮዬ ሥር ሹክ አለችኝ።

"አምኜሃለሁ... አንተ አልጻፍከውም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እግሬን እኔ አይደለሁም የማንቀሳቅሰው።"

ቁልፉ እንደገና ወረደ። አልተነሳም።

ሁለቱ እግሮቿ አየር ላይ... መራመድ ጀመሩ።