የብሥራት ሸክላ

ጠጋ በሉ፤ በሩንም ዝጉት። አንተ ደግሞ ከፈራህ ከአሁኑ ውጣ! ኋላ ሸኙኝ ብትል የሚሸኝህ የለም።

ድሮ ነው። የሸክላ ማጫወቻ ብርቅ በነበረበት ዘመን። መሽቷል፤ ዓይን ቢወጉ አይታይም። ይርዳው የሚባል ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በገደሉ ሥር ባለችው ቀጭን መንገድ ብቻውን ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። በብብቱ ምን ይዟል? ሸክላ። የጃዝ ሸክላ።

ይርዳው ከተማ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። አለቃው ብሥራት ደግሞ ሳክስፎን። ሸክላው የብሥራት ነው፤ ስሙም ፎቶውም ላዩ ላይ አለ። አጨዋወታቸው እንዴት መሰላችሁ? ሳክስፎኑ ይጣራል፣ ትራምፔቱ አቤት ይላል። ሳክስፎኑ ይጣራል፣ ትራምፔቱ አቤት ይላል። ሸክላው በወጣ በሳምንቱ ብሥራት ሞተ። ይርዳው ቀብሮት ነው ወደ አገሩ የተሳፈረው።

ሲሄድ፣ ሲሄድ ከኋላው ትንፋሽ ሰማ። ቆመ። ትንፋሹም ቆመ።

«ሌባ ነው» አለ በልቡ። «ሸክላዬን አይቶ ከአውቶቡሱ ጀምሮ የተከተለኝ ሌባ ነው።»

ሸክላውን አጥብቆ ያዘና መንገዱን ቀጠለ። አሁን ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ሰማ። የሳክስፎን ቁልፍ ሲነካ እንደዚያ ነው የሚለው። ሌባ ሳክስፎን ይዞ ይዞራል? እናንተው ፍረዱ!

ከዚያ ተጣራ። ያው የብሥራት ጥሪ።

የይርዳው ከንፈር ሊመልስ ተንቀሳቀሰ፤ ነከሰው። በጨለማ ለጠራ ሁሉ ቶሎ አቤት አይባልማ! መንፈስ የሚጠራው ሁለቴ ነው፤ ሦስተኛ የሚደግመው ሰው ብቻ ነው። እናቱም ያሳደገችው ይህን እየነገረች ነው።

ሁለተኛ ተጣራ። ይርዳው እርምጃውን አፈጠነ። «ድገመው» አለ በልቡ፤ «ሰው ከሆንክ ድገመው።»

ሦስተኛ ተጣራ!

«ኡፍፍ! አንተ ወስላታ፣ በድንጋጤ ገደልከኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሳቀና መልሱን አፏጨለት። አፏጭቶ ሳይጨርስ ነው የገባው። ሁለቱ ጥሪ የመጣው ከኋላው ነበር። ሦስተኛውስ? ሦስተኛው ከብብቱ ነው። ከሸክላው!

በማታ ብቻችሁን አትሂዱ የምላችሁ ወድጄ አይደለም።

እናቱ እማማ የሺመቤት ኩራዝ አብርታ ስትጠብቅ፣ ከደጅ «እማዬ!» ሲል ሰማች። የልጇ ድምፅ ነው። ደስታዋን አትጠይቁኝ! «ወዬ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከፍታም ዘጋችው።

«እማዬ!» አለ እንደገና።

አፏን በነጠላዋ አፍና፣ በሆዷ «ልጄ፣ አንዴ ድገመው፤ አንዴ ብቻ» እያለች እስኪነጋ ከበሩ ሥር ተቀመጠች።

ሦስተኛ አልጠራም።