በሐይቁ በኩል የመጣው ተማሪ

ዱላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያርፍ ትንቢት የምትቀርጽበትን ስልክ አላወረደችም። ደንግጣ እንጂ ጀግና ሆና አይደለም። የግቢው ጥበቃ በታንኳ የመጣውን ልጅ ውሃው ዳር አንበርክኮ ጀርባውን መታው፣ ክንዱን መታው፣ በመጨረሻም አፉን አለው። ደሙ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወረደ። የልጁ የብረት ሳጥን ተከፍቶ ደብተሮቹ ደንገሉ መሀል ተንሳፈፉ። አበባ ይዘው ለካሜራ ሲስቁ የነበሩት ሴት ተማሪዎች ዞረው አዩና አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

ትንቢት ገና አሥረኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ፍሬ ስብሐት ባሕር ዳር ላለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ቪዲዮ ይሠራል፤ ክረምት ላይ ተማሪ የሚጠራውን፣ ዛሬ ደግሞ አዲስ ገቢዎችን የሚቀበለውን። ቅንብር ላይ ከእሷ የተሻለ እጅ ስለሌለው ቅዳሜ ቅዳሜ ይዟት ይመጣል። የክረምቱን ማስታወቂያም ያቀናበረችው እሷ ናት። ታንኳ ወደ ግቢው ዳርቻ ስትጠጋ አሳየችና ከሥሩ «በየትም በኩል ኑ፣ በራችን ክፍት ነው» ብላ ጻፈችበት። አርባ ሺህ ሰው አየው። በሐይቁ በኩል በር እንደሌለ፣ ባለፈው ወር የውሃ ፓምፕ ከተሰረቀ ወዲህ በዚያ የሚመጣ ሁሉ ሌባ እንደሚባል ግን ቪዲዮው አልተናገረም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷ ግን ከሐይቁ ማዶ፣ ከቁንዝላ የመጣውን ይህን ልጅ ያላየውን ግቢ አስናፍቃው ነበር።

ልጁን ወደ ጥበቃ ቤት ጎተቱት። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ደረሰ፦ ስሙ ጥዑመ ልሳን ነው፣ ጥበቃው ሊሰርቅ ሲል ያዝሁት ብሏል፣ ምዝገባው ተሰርዞ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺአረግም ቪዲዮው ከምሳ በፊት ይድረሰኝ ብለዋል።

ፍሬ ስብሐት ኮምፒውተሩን ወደ እሷ ገፋው።

«ከልጆቹ ኋላ የሚታየውን ድብደባ ቁረጪው። አታካብጂ፣ እንጀራዬ ነው።»

እውነቱን ነበር፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው በዚህ ሥራ ነው። ትንቢት ቆረጠችው። በዚያው ቅጽበት ከጥበቃ ቤቱ የጥፊ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎም የልጁ ድምፅ፤ አፉ ስላበጠ ቃላቱ ይንተባተቡ ነበር።

«ኑ ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ።»

ሌላ ጥፊ ተከተለ። ትንቢት ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ለወንድሟ ፈራች፤ ለራሷም ፈራች። የቆረጠችውን አርባ ሰከንድ ግን ወደ ስልኳ መለሰችውና ተነሣች።

ውሃው ዳር ወርዳ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችና ተሸከመችው። ለአዲስ ገቢ ሻንጣ መቀበል የግቢው ልማድ ነው፤ የዚህን ልጅ የተቀበለለት አልነበረም።

ፍሬ ስብሐት የቢሮዎቹ ሕንፃ በር ላይ ጠበቃት። «ወዴት ነሽ?»

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አለችው። «እኔው ልቀበለው።»

ወንድሟ ሳጥኑን አየ፣ ስልኳንም አየ። ከበሩ ግን ዘወር አላለም። ትንቢት በጎኑ ተሽሎክሉካ አለፈችና፣ ሳጥኑ ውሃ እያንጠባጠበባት፣ አርባውን ሰከንድ ስልኳ ላይ ከፍታ የወይዘሮ የሺአረግን ቢሮ አንኳኳች።