የዜናይዳ ፎርማ

ማሪኪና የጫማ ሰፊዎች ከተማ በነበረች ጊዜ ውሻው እንኳ ባዶ እግሩን ገበያ መውጣት ያፍር ነበር። የማስቲሹ ሽታ ከመክበዱ የተነሣ በላይዋ የምታልፍ ወፍ አየሩ ላይ ተጣብቃ ትቀር ነበር። ያላመነ ጫማ ሰፊውን ደልፊንን ይጠይቅ፤ በእንጨት ያላቀቃት እሱ ነው።

ከዚያ ርካሽ ጫማ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይጎርፍ ጀመር። የደልፊን አባት ጋሽ ቶርኳቶ ሠራተኞቻቸውን አሰናብተው ከልጃቸው ጋር ብቻ ቀሩ። በዚያው ዓመት፣ በከተማው ክብረ በዓል ላይ በግጥም የሚካሄደው ክርክር ርእስ ተለጠፈ፦ «ዓለም አንድ ገበያ መሆኑ ለሰው ልጅ ይበጃል ወይስ አይበጅም?»

እንደ ደንቡ ተከራካሪ ወገኑን የሚያገኘው ከባርኔጣ ውስጥ በሚያወጣው ዕጣ ነው። ደልፊን እጁን ሰደደ። «ይበጃል» ይላል። አጠገቡ የቆመችው ቀጭን ልጅ የራሷን ገልጣ ሳቋን ለቀቀችው። «አይበጅም» ደርሷታል።

«ምን ያስቅሻል?»

«የቤታችን ቆርቆሮ እናቴ ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ እያሳደገች በላከችው ገንዘብ የተከደነ ነው። ገበያውን እንዴት አድርጌ ልስደበው?»

«የእኛን ሱቅ ደግሞ ይኸው ገበያ ሊዘጋው ነው። እንለዋወጣ።»

«ዕጣ ዕጣ ነው፣ አንተ ፈሪ።»

ዜናይዳ ትባላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቁ እየመጣች አብረው ግጥም ይለማመዱ ጀመር። ለመድረኩ ጫማ ልሥራልሽ ብሎ እግሯን ለካ። ሜትሩ ከእግሯ ቶሎ አልተነሣም፤ እሷም እግሯን አልሰበሰበችም። ጋሽ ቶርኳቶ ሳል ሳል አደረጋቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በእግሯ ልክ ጫማው የሚወጠርበትን የእንጨት ፎርማ ሲጠርብ፣ «እናቴ እዚያ ሥራ አግኝታልኛለች» አለችው ቀስ ብላ። «ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ ወይ እቀራለሁ ማለት አለብኝ።»

«ምን ልትያት ነው?»

«የረታው ያለውን።»

ቀልድ መሰለው።

የበዓሉ ዕለት ዜናይዳ ቀድማ ተናገረች። በየገናው ከእናቷ ስለሚመጣው ትልቅ ካርቶን ገጠመች፤ ሳሙናው፣ ቸኮሌቱ፣ ፎጣው። «እናቴን ግን ካርቶኑ ጠበባትና አልገባችም» ስትል አደባባዩ ሁሉ አለቀሰ። ወንዛችን የዚያን ዕለት አንድ ክንድ ሞልቷል።

ደልፊን እዚህ ላይ ተረትቻለሁ ቢል ምን ነበረበት? ነገር ግን ጭብጨባ ይወዳል። ተነሣና ስለ ቆርቆሮው፣ በዚያ ቆርቆሮ ሥር ስለተማሩት ልጆች አዥጎደጎደው። «መንገዱ ከተከፈተ እግር ለምን ይታሰራል? ጫማ የምንሰፋው ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ነው እንዴ?» ሲል ከጭብጨባው ብዛት የሦስት ሰፈር ዶሮዎች ያለ ቀናቸው እንቁላል ጣሉ። ጋሽ ቶርኳቶ እንኳ ሳይታወቃቸው አጨበጨቡ።

ዜናይዳ አላጨበጨበችም። ገና የሚለው ነገር ያለ ይመስል ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። እሱ ግን እጅ ነሥቶ ወረደ።

ከመድረኩ ጀርባ፣ «ረታኸኝ» አለችው።

«የወጣልኝ ዕጣ ነው እኮ። እኔ መች አምኜበት።»

«አውቃለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ‹አንቺ ግን ቅሪ› የምትል አንዲት ስንኝ ትጨምራለህ ብዬ ጠበቅኩ።»

ያ ስንኝ የማያልቅበት ደልፊን የአሸናፊነቱን የአበባ ጉንጉን ከአንገቱ አውልቆ አጠለቀላት። ብዙም ሳትቆይ እሱ በሰፋላት ጫማ ሄደች።

ዛሬ የደልፊን ጸጉር ሸብቷል። የሚሸጠው ከባሕር ማዶ የመጣ ጫማ ነው፤ እየረገመው ይበላበታል። የሰፈሩ ሰው «ለመሆኑ ይበጃል ወይስ አይበጅም?» ብሎ ሲያሾፍበት፣ «ቆይ መጀመሪያ ዕጣ ላውጣ» ይላል።

በጫማ ሰፊዎች ልማድ አገር የለቀቀ ደንበኛ ፎርማ ማገዶ ይሆናል። የዜናይዳ ግን እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ። በበዓሉ ሰሞን ያወርደዋል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርግለታል፣ ሱቁ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቶም ያቺን የቀረች ስንኝ ይነግረዋል። በየዓመቱ ሲያሻሽላት ኖሮ አሁንማ አሳምራ ቤት ትመታለች።